እሷ ድምቢጥ፣ እኔ ስሚ

«ያጽናህ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ የሹፌሩን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው። «ሚስት መቅበር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እኔም አይቼዋለሁ። በርታ።»

ሹፌሩ አንገቱን እንደደፋ «አሜን» አለ። አላረማቸውም።

እውነተኛዋ ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከነነፍሷ፣ ከነሻይ ብርጭቆዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ይህን ሰማች። ሽማግሌው ቀጥለው ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞሩ። የሞተችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት። እሱ ግን ዓይኑ ደርቋል፤ የሸሚዙ እጅጌ ዱቄት ነክቶታል፤ ባዶ ሰሃን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌው ሊያግዝ የመጣ ጎረቤት ሳይመስላቸው አልቀረም። በራሳቸው ብቻ ሰላም ብለውት ወንበር ፍለጋ አለፉ።

«ባልየው ያ አይደለም እንዴ?» አለች ከልብስ ሰፊዋ ጎን የተቀመጠች ሴት፣ በአገጯ ወደ ሹፌሩ እያመለከተች።

«ኧረ አይደለም! እሱ የአምቡላንሱ ሹፌር ነው» አለች ሌላዋ በሹክሹክታ። «አብረው ነው የሚሠሩት።»

«ታዲያ እንዲህ የሚያደርገው ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። እሱን ሚስቱ ትጠየቅ።»

ልብስ ሰፊዋ ሻይዋን ፉት አለች። ቀዝቅዟል። «ሚስቱ እኔ ነኝ፣ ጠይቁኝ» ብትላቸው ሁለቱም የሚገቡበት እንደሚጠፋቸው አሰበችና ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ አብጦ ሊጠፋ ደርሷል። አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር። እኔ ብሞትስ ይህን ያህል ያለቅስልኛል? ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱን የምታውቀው መሰላት፤ ደሟ ፈላ።

ሟቿ የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ነርስ ነበረች። ከከተማው አምቡላንሶች አንዱ ለልጆች ብቻ የተመደበ ነው፤ እትብቱ ካልደረቀ ጨቅላ ጀምሮ ድምፁ እስከ ጎረነነ ጎረምሳ ድረስ ያመላልሳል። ልብስ ሰፊዋ ገና ሳታገባ ጀምሮ እነዚያ ሁለቱ፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው፣ በዚያ መኪና ሠርተዋል። ነርሷ አጭር፣ አጥንቷ ቀጭን ሴት ነበረች። በቃሬዛውና በኦክስጅን ሲሊንደሮቹ መካከል ካለችው ጠባብ ቦታ ማንም የማይገባባት እሷ ሽው ብላ ስትገባ ያየው ሹፌሩ «ድምቢጥ» አላት። ስሙ ሆስፒታሉን አዳረሰ። አለቆቿም ድምቢጥ፣ ጥበቃዎቹም ድምቢጥ ይሏት ጀመር።

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሯ ላይ ወደቀች። ባሏ ደወለ። ከሁሉም ቅርብ የነበረው የልጆቹ አምቡላንስ ነበር፤ ተራዋን ልታስረክባት ትጠብቃት የነበረችው ነርስና ሹፌሩ እየከነፉ መጡ። እየተቀባበሉ ደረቷን ተጫኑ። አልሆነም። ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ስር ፈንድቶ ነበርና የትኛውም ሐኪም ቢደርስ እንደማያተርፋት በኋላ ተነገራቸው።

ይህን ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። ታዝናለችም፤ ሰው ናት። ግን ሐዘኗ ገና ጉሮሮዋ ሳይደርስ ሌላ ነገር እየቀደመው ይወጣል።

ቤት ውስጥ ሹፌሩ እሷን የሚጠራት «ስሚ» እያለ ነው። «ስሚ፣ መነጽሬን አየሽው?» «ስሚ፣ ውሃው ሄደ እንዴ?» ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ፊቱ ይፈካና «አቤት ድምቢጥ!» ይላል። ለአንዷ የወፍ ስም፣ ለአንዷ ትእዛዝ። አንድ ቀን «እኔስ ስም የለኝም?» ብላ ብትጠይቀው ደንግጦ የመታወቂያ ስሟን ነገራት።

ስሙስ ይሁን። የባሰው ቋንቋቸው ነበር። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባቸው ሰርግ ሲሄዱ ነርሷም አብራቸው ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ ነርሷ ከኋላ ተቀምጠው ሁለቱም የተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል። ሹፌሩ ድንገት «ጉድጓድ!» አለ። ነርሷ የያዘችውን ወሬ ሳታቋርጥ እጇን ከፍ አደረገች። መኪናው ዘለለ። «አለፈ» ሲል እጇን መለሰች። ከሷ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የልብስ ሰፊዋ አዲስ ቀሚስ ግን ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ራሰ።

«ሥራ ላይ እንዲህ ነው የምንባባለው» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። «ከኋላ ሆና እንደ ክር ከቀጠነ የጨቅላ ደም ስር ውስጥ መርፌ ስታስገባ እኔ ካልነገርኳት ይስትባታል። ጉድጓድ ስላት እጇን ታነሳለች፣ አለፈ ስላት ትቀጥላለች።»

ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ቀሚሱ ሰርጉ ቤት ሳይደርሱ ደረቀ። ንዴቱ ግን አልደረቀም።

ከቀብሩ በማግስቱ የሟች ቤት በልጆች ተሞላ። እናቶች ያዘሉትን አዝለው፣ የሚሄደውን እየጎተቱ መጡ። አንዷ የልጇን ካልሲ አውልቃ እግሩን ለሁሉም እያሳየች፣ «ትኩሳት አንዘፍዝፎት ነፍሱን ሳያውቅ ነው የወሰደችው» አለች። «ሲነቃ 'ይሄ ጣት ማን ይባላል? ይሄኛውስ?' እያለች ለሁሉም ስም አወጣችላቸው። እስከ ዛሬ ትንሿን ጣቱን 'አለቃ' ነው የሚላት።» የሚያለቅሱት ሴቶች ሳቁ፤ ሳቁና እንደገና አለቀሱ።

አንዲት ረጅም ጉብል ከእናቷ ጋር ገብታ ሹፌሩን ስታይ ቀጥ ብላ ሄዳ አቀፈችው። አስም አለባት። «ትምህርት ቤት ወድቄ ከንፈሬ ሁሉ ጠቁሮ ነበር» አለች ለተቀመጡት። «ሲስተር ጭምብሉን አደረገችልኝ። ትግል አትግጠሚው፣ ከኔ ጋር ተንፍሺ አለችኝ። እጄን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሆስፒታል እስክንደርስ ከሷ ጋር ተነፈስኩ። ልደቴ እንደሆነ ስነግራት ሳይረኑን በልደት ዘፈን ምታው አለችው። እሱ ደግሞ ይሄ ሬዲዮ መስሎሻል ወይ አላት።»

ዳቦ ጋጋሪው የዳቦ ቢላውን እንደያዘ በወጥ ቤቱ በር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ልደትሽ መቼ ነው?» አላት።

ነገረችው። ትንሽ አሰበና ቢላውን ዝቅ አደረገ። «አስታውሳለሁ። ዝናብ ነበር። ቤት ገብታ እራቷን በላች። እንዴት ዋልሽ ስላት 'ደህና' አለችኝ።» ሌላ ሳይናገር ወደ ዳቦው ተመለሰ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። ከነዚህ እናቶች አንዷ እሷም ናት። ማንም አላወቀም፤ እሷም ተነስታ አልተናገረችም።

ልጃቸው ገና መዳህ በጀመረች ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊዋ የትምህርት ቤት ሸሚዞች ትሰፋለች፤ ሹፌሩ ዕረፍት ላይ ነበር። ከስፌት መኪናው ሥር የነበረው ጫጫታ ጸጥ ሲልባት ጎንበስ አለች። የሕፃኗ አፍ ተከፍቷል፤ ድምፅ የለም፤ ፊቷ መጥቆር ጀምሯል። አንስታ ጮኸች። ሹፌሩ ሮጦ መጣና ልጁን ተቀበላት። የስንቱን ልጅ ነፍስ ለማትረፍ የከነፈ ሰው፣ የራሱን ልጅ ይዞ እንጨት ሆኖ ቀረ። እጁ አልታዘዘውም። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ድምቢጥ! ልጄ! ታነቀችብኝ!»

«ታለቅሳለች? ድምፅ አላት?» አለ ስልኩ።

«የላትም!»

«ስማኝ። ክንድህ ላይ በደረቷ አስተኛት። ጭንቅላቷ ወደ ታች ይሁን፣ አገጯን ደግፍ። በመዳፍህ ትከሻዎቿ መሃል ምታ። ጠንከር አድርገህ። አትፍራ፣ አትሰበርም። አንድ በል። ሁለት…»

አምስት ጊዜ መታ። አልወጣም።

«ገልብጣት። በሁለት ጣት፣ ደረቷ መሃል፣ አምስት ጊዜ ወደ ታች ተጫን… አሁን እንደገና በጀርባዋ።»

አራት ቀዳዳ ያላት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ልጅቷ ተንፍሳ ቤቱን በለቅሶ ቀወጠችው። ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ «ታልቅስ፣ ተዋት፣ ልስማት» አለ፤ ሰማትም። ብዙ ሳይቆይ ነርሷ በቤት ጫማ፣ ፀጉሯን ዱቄት እንደነካው ሮጣ ገባች። የልጅቷን ደረት አዳመጠች፤ ለማንኛውም ሐኪም ይያት አለች። ያን ጊዜ ሹፌሩ ግንባሩን ነርሷ ትከሻ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። የሷም ትከሻ እዚያው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ «አመሰግናለሁ» ልትል አፏን ከፍታ የወጣው «ሻይ ላፍላ?» የሚል ነበር። ነርሷ አትቸኩዪ ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ልጇ በሳቀች ቁጥር በደስታዋ መሃል አንዲት አጭር ሴት ቆማ የምታይ ይመስላት ነበር።

ብርጭቆ ልትመልስ ወጥ ቤት ስትገባ ዳቦ ጋጋሪው ማንም የማይጨርሰውን ዳቦ እየቆረጠ ነው። ጠረጴዛው ሞልቶ ተርፏል።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» አለችው። «እኔ ልቁረጠው።»

«እዚያ ስቀመጥ ሰው የሚያጽናናው እሱን ነው» አለ ቀና ሳይል። «ምን ላድርግ ብዬ ልቀመጥ? ከትናንት ወዲያ በር ላይ ራሷን ይዤ ሳለሁ፣ ሞተች የሚለው ቃል ገና ሳይገባኝ እሱ ጮኸ። ከኔ ቀድሞ አለቀሰላት። ከዚያ በኋላ የኔ ለቅሶ ተራው አለፈው።» ቢላውን አስቀመጠ። «ይቅርታ እህቴ። ባልሽ ነው።»

«አውቃለሁ ባሌ እንደሆነ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱ መርሳቱ ነው እንጂ።»

ዳቦ ጋጋሪው አያት። ሊስቅ ነበር፤ መሃል ላይ ተወው።

«ሁለቱ ምን ያወሩ ነበር?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁልጊዜ እገረም ነበር። ሥራው ያልቃል፣ እሷ ትዘገያለች። እኔ ጎህ ሳይቀድ ምድጃ ላይ ስለሆንኩ በጊዜ ነው የምተኛው። መጠየቅ ነውር መሰለኝ፤ ስንት ነገር አይታ ለመጣች ሴት ጥያቄ ልጨምርባት? ላንቺ ምን ይልሻል?»

«እኔ እርስዎን ልጠይቅ ነበር የገባሁት።»

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው። አንድ ቀን ባሏ ሲዘገይ ተከትላው ሄዳለች። ከሆስፒታሉ ጀርባ አምቡላንስ የሚታጠብበት ግቢ አለ። የመኪናው የኋላ በር ተከፍቷል፤ ነርሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትበላለች፤ ሹፌሩ ፊቷ ተንበርክኮ የጫማዋን ክር ያስርላታል። አይነጋገሩም። አይሳሳቁም።

«ቢሳሳሙ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ጮኼ እገባ ነበር። ጫማ አሰርክ ተብሎ ይጮኻል?»

«ብርቱካን?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ብርቱካን።»

«ቤት ውስጥ ብርቱካን አትነካም። ይኮመጥጠኛል ትላለች።» ሚስቱን በሌላ ሰው ቤት የያዛት ያህል ፊቱ ተለዋወጠ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና በጓሮ በር ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ተከተለችው።

ሹፌሩ የጓሮው ቧንቧ አጠገብ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። ከኋላቸው የሟች አክስት፣ ቤቱን የያዙት ሴትዮ፣ ሌላ ትሪ ይዘው ብቅ አሉ፤ የሰዎቹን ፊት ሲያዩ ትሪውን እንደያዙ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ከሥራ በኋላ እዚያ ግቢ ምን ታደርጉ ነበር? የጫማ ክሯን ለምንድን ነው የምታስርላት?»

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ አየ። ማን እንደነገረው ገባው። ቧንቧውን ዘጋ።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የማን እጅ?»

«የሷ። ሥራ ላይ አይደለም፤ ሥራ ላይ ንቅንቅ አይልም። ልጁን ለሐኪሞቹ አስረክበን ስንመለስ ይጀምራታል። በተለይ ያልተረፈ ልጅ ሲሆን። ጓንት ለማውለቅ እንኳ ያቅታታል። ጫማዋን ደም ከነካው ታጥቦ ነው የምታደርገው፣ ያን ጊዜ ክሩን እኔ አስርላታለሁ። ብርቱካኑንም እኔ ነኝ የምልጥላት፤ አፏ ሲደርቅ እሱ ብቻ ነው የሚወርድላት። እስኪቆምላት እንቀመጣለን። አንዳንዴ ቶሎ ይቆማል፣ አንዳንዴ ይመሻል። እንዲህ ሆኜ ቤቴ አልገባም ትል ነበር። ባሌና ልጄ እንዲህ ሆኜ አያዩኝም ትላለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ዳቦ ጋጋሪው የራሱን እጆች ተመለከተ። ሊጥ ያቦኩት፣ ምድጃ ያቃጠላቸው ትልልቅ እጆች ናቸው።

«ይሄ እጅ መያዝ አይችልም ነበር?» አለ። «የተጨነቀውን ላንተ ሰጥታ፣ ታጥቦ የደረቀውን ለኔ ታመጣልኝ ነበር በለኛ።»

«ጋሼ፣ እንዳያዝኑ ብላ እኮ ነው…»

«ምን ብላ እንደሆነ አንተ አትንገረኝ። እሱንም አንተ ትንገረኝ?» ድምፁ አልጮኸም፤ እንደውም ዝቅ አለ። «ከቤቴ ውጣልኝ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሰው ይሰማል!» አሉ አክስትየዋ።

«ይስማ። ይውጣልኝ።»

ሹፌሩ እጁን በሱሪው አድርቆ በግቢው በኩል ወጣ። አጥሩ በር ላይ የሚገቡ ለቀስተኞች አገኙትና «ያጽናህ» ሊሉ እጃቸውን ዘረጉ። አልፏቸው ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላው እየተራመደች ደስታዋን ጠበቀችው። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ተነስቶ ይህን ሰው «ውጣ፣ እዚህ ምን አለህ» እንዲለው ተመኝታለች። ተባለ። ምኞቷ ግን በሌላ ሰው ልክ እንደተሰፋ ልብስ ሆነባት፤ ትከሻው ላይ ይሰፋል፣ ብብቱ ላይ ይይዛል። ባሏ ሁለት ቤት እንደሌለው፣ አሁን ደግሞ የሚያለቅስበት አንድም ቤት እንደሌለው ከኋላው ሆና አየች። ነርሷ ዘመዱ አይደለችም። በሱ ቤት ወንበር አይደረደርለትም፤ ማንም መጥቶ «ምን ሆና ነው?» አይለውም።

ቤት ሲገቡ ልጃቸው ትምህርት ቤት ናት። እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን ኮሌታ ሁለት ጊዜ ሰፋች፣ ሁለት ጊዜ ፈታች።

«ስለኔ ምን ትል ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«ማን?»

«ማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ትቀናብሽ ነበር።»

«በኔ? ምን አለኝና?»

«ትጮሂብኛለሻ። ሳመሽ 'የት ነበርክ?' ብለሽ ቤቱን ትገለብጫለሽ። እሱን ስነግራት 'ታድለህ' ትለኛለች። 'የኔ ጋጋሪ ጨዋ ነው፣ አይጠይቀኝም። አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ሁሉንም የምዘረግፈው ይመስለኛል' ትል ነበር።» በጨረፍታ ፈገግ አለ። «የሚስቴን ጩኸት ለሳምንት ላውስሽ እላታለሁ። ከነጥያቄው አምጣልኝ ትላለች።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አነሳች፣ አስቀመጠች። እሷ ስትቀናባት የኖረችው ሴት በሷ ስትቀና ኖራለች። ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች።

«ታዲያ እኔ ጠይቄህ የለ! ለምን አልነገርከኝም? እሷስ ባሏ አልጠየቃትም። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«አንቺ የት ነበርክ ነው የምትዪኝ» አለ ሹፌሩ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ደክሞት ብቻ ነበር። «ምን አየህ ብለሽኝ አታውቂም።»

ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተች።

«ምን አየህ?» አለችው።

መጀመሪያ ስለ አንድ ሕፃን ነገራት። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር፣ በጣም ትንሽ፤ ነርሷ በጣቷ ጫፍ ልቡን እየተጫነች፣ እሱ ጉድጓዶቹን እየጠራላት፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕፃኑ ዝም አለ። ነርሷ ግን ለእናቲቱ እስክታስረክበው ድረስ ከደረቷ አላወረደችውም። «ብርድ ይመታዋል» አለች። መሞቱን እያወቀች። ስለ ሌሎችም ነገራት። ልጃቸው ቦርሳዋን እየጎተተች ስትገባ ገና እያወራ ነበር። ሚስቱ ግማሹን ሰምታ ማቆም ፈልጋ ነበር። ይህን ሁሉ ስንት ዓመት አንዲት ሌላ ሴት አብራው እንደተሸከመችለት ባሰበች ጊዜ ቅናቱ መልሶ ነካት። የዛሬው ቅናት ግን የምትጮህበት አልነበረም።

ለቅሶው ሊበተን ሲል ዳቦ ጋጋሪው ቤታቸው መጣ። በር ላይ ቆመ፤ ይግቡ ቢሉት እምቢ አለ። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዟል፤ ባዶ እጁን መምጣት ስላላወቀበት ይመስላል።

«ልጄ ናት የላከችኝ» አለ ለሹፌሩ፣ ጫማው ላይ እያየ። «ጥራልኝ አለችኝ። እማዬ ምን እንደምትሠራ አንተ አታውቅም፣ እሱ ይንገረኝ አለች። እውነቷን ነው፣ አላውቅም። የዚያን ቀኑን… ክፉ ቃል ነው ያወጣሁት።»

«እርስዎ ምን አጠፉ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ጫማዬን ላድርግና ልምጣ።»

እሱ ወደ ጓዳ ሲገባ ዳቦ ጋጋሪው ለልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለ። ሊጠይቃት የፈለገውን ነገር ለመጠየቅ ተቸገረ። እንደ ተማሪ ልጅ ወረቀቱን እያሻሸ ቆየ።

«ስለኔስ… ለሱ ያለችው ነገር አለ? ነግሮሻል?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። «አንድ ቀን ቢጠይቋት ሁሉንም ትነግርዎት ነበር።» ይህ ቃል የት ገብቶ የት እንደሚወጋ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከልብስ ሰፊዋ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«'የኔ ጋጋሪ' ትል ነበር አለኝ» አለችው። «'የኔ ጋጋሪ ጨዋ ነው' ትል ነበር።»

«የኔ ጋጋሪ?»

«እንደዚያ ነው የምትጠራዎት።»

«እኔን እንደዚያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «የኔ ጋጋሪ» አለ ደግሞ ለራሱ፣ ልክ መሆኑን እንደሚለካ ሰው። ዳቦውን ለልብስ ሰፊዋ አቀበላትና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የነርሷን ቃል ቀሪ ግማሽ እሷ ዋጠችው።

ሦስቱም አብረው ሄዱ። ቤቱ ባዶ ነው፤ አክስትየዋ ብቻ የተዋሱትን ወንበር ለባለቤቶቹ ይለያሉ። የሟች ልጅ በእናቷ ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከቀብሩ ወዲህ፣ አባቷን ሹፌሩን ጥራልኝ ከማለቷ በቀር፣ ለማንም ሁለት ቃል አልተናገረችም። ሹፌሩ ገብቶ ፊት ለፊቷ ወንበር ሳበ። ዳቦ ጋጋሪውና ልብስ ሰፊዋ መተላለፊያው ላይ ቀሩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ከየት ልጀምርልሽ?» ሲል ሰሙት።

«ከሚያስቀው» አለች ልጅቷ።

«እሺ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ አንገቱን የደረጃ ብረት ውስጥ ቀርቅሮ…»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ አንዲትም ቃል እንዳታመልጠው ይጥራል፤ እሱ የማያውቃት ሚስቱ እዚያ ውስጥ በሰው አፍ እየተራመደች ነው። ሹፌሩ የነርሷን ድምፅ አስመስሎ አንድ ነገር አለ። ልጅቷ ሳቀች። ድንገት፣ በአፍንጫዋ፣ እየተናነቃት። ሹፌሩም ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ስልክ ሲያነሳ የሚስቀው ነው። ደረቷ ውስጥ የለመደችው መርፌ ጠቅ አደረጋት። ከዚያ በስልኩ ማዶ ያለችው መሞቷን፣ ያንን ሳቅ ከእንግዲህ ማንም ደውሎ እንደማያስቀው አሰበች። በነዚህ ቀናት ሁሉ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ክፍሉ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ዝቅ አለ። «ታለቅስ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዳቦ ጋጋሪው እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ የሚገባ መሰላት። እሱ ግን እጀታውን ያዘና፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ ይመስል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው። ድምፃቸው ጠፋ። የተዘጋው በር ፊት ቆመ። እጁን ግን ከእጀታው ላይ አላነሳም።